መስኮቱ ላይ የተቸነከረው ሰሌዳ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ዛሬ ትንሿን ልጄን ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ሳሉ አልለቃት ብሏል። ነርሷ ደረቷን አዳምጣ «የምትተኛበት ክፍል አየር ያግኝ፤ መስኮቱን ክፈቱላት» አለችኝ። ያለን አንድ መስኮት ነው፣ ወደ ጣና የሚከፈት። ቀበሌው ለአብዮት በዓል የመፈክር ሰሌዳ ቸንክሮበት፣ በዓሉ አልፎም ሳያነሣው ቀረ።

ከዚያው የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘንድ ሄድሁ። «ጓድ፣ ያ ቤቴ ላይ ያለው ሰሌዳ...» ብዬ ስጀምር ቀና ብሎ አየኝ።

«መፈክሩ ይነቀል ነው የምትለው?»

«ኧረ የለም! ቀለሙ ለቋል፤ ላድሰው ብዬ ነው» አልሁት። ምላሴን በቆረጠው! ደስ ብሎት አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ሰጠኝ።

ከሰዓት በኋላ መሰላል ላይ ወጥቼ ቀባሁት። ልጄ ከሰሌዳው ጀርባ ስትስል፣ እኔ ፊደሉ እንዳይጣመም እጠነቀቅ ነበር።