ግድግዳው ላይ ያልወጣው ስምሽ

ውድ አክስቴ፣ ኤዶ ዳሀቦ፣

ከሞትሽ ሁለት ክረምት አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ አፍሬ ነው። አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

በሠርጌ ቀን ያልሽውን ታስታውሻለሽ? ስወለድ ሳላለቅስ ወጥቼ፣ ሁሉም ሞቷል ብሎ ሲተወኝ፣ አንቺ በእግሬ ዘቅዝቀሽ እየመታሽ ነበር ያስጮህሽኝ። በሙሽራዬ ፊት «ይሄን ሰው ያናገርኩት እኔ ነኝ፣ በጥፊ!» ብለሽ እንግዳውን ሁሉ አሳቅሽብኝ። አጎቴ እንኳ ሚስቱን መቆጣት አቅቶት ሳቀ።

አዲሱ ማዋለጃ አለቀ። ሃያ አልጋ አለው፤ ውሃውም አይቋረጥም። የቆመው አንቺ በፋኖስ ስታዋልጂ የኖርሽባት ክፍል ፈርሳ ነው። የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፈው ኑር ማንም ሳያዘው ስምሽን ከነአባትሽ ከነአያትሽ በአረንጓዴ ቀለም ጻፈና «አራቱንም ልጆቼን የተቀበለችልኝ እሷ ናት» ብሎ ሰጠኝ።

ስም የሚያወጣው የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ገና ሰሌዳውን ግድግዳ ሳስደግፈው ሀጂ ዋርሰሜ ከዘራቸውን አነሱ።

«ይሄ ማነው?»

«ዳሀቦ ናት፣ ሀጂ።»

«እሷንማ አውቃታለሁ። ከኋላዋ የተሰለፉት እነማን ናቸው? አባቷና አያቷ አይደሉም? በእኛ መሬት፣ በእኛ ግድግዳ ላይ የሌላ ጎሳ ሰው ልትሰቅልብን ነው?»

«እንግዲያው ዳሀቦ ብቻ ይባላ» አለ አንዱ።

«አባት የሌላት ልታደርጋት? ነውር አይደለም እንዴ!» ሲሉ ሀጂ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

የሀጂ ዋርሰሜን ስድስት የልጅ ልጆች የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። የመጣችውን ሴት ሁሉ ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ሲላት አንቺ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» ነበር የምትያት። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ወዲያው የምጠብቀው የምክትል ከንቲባነት ሹመት ትዝ አለኝ፤ የሚያጩት እነሱ ናቸው። አፌን ዘጋሁ። በእኛ ሸንጎ ደግሞ እጅ አይወጣም፤ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ተብሎ ይጻፋል። የጻፍኩትም እኔው ነኝ። «ያለ ተቃውሞ፣ የሰላም ማዋለጃ ተብሏል።»

ኤዶ፣ አርባ አንድ ዓመት የኖርሽበትና የተቀበርሽበት መሬት አንቺን ሲቀበል ጎሳሽን አልጠየቀም። ግድግዳው ግን ጠየቀ።

ጸጸቱ አላስቀምጥ ሲለኝ ሰሌዳውን መኪና ላይ ጭኜ አባትሽ አገር ወሰድኩት። እዚያም ጤና ጣቢያ እየተሠራ ነው። ወንድምሽ ጃማ የግመል ወተት አቀረበልኝ። ፊደሎቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ የአባቱ ስም ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ?

«አርባ አንድ ዓመት የእናንተን ልጅ ስታዋልድ ኖረች። የኛ ሴቶች በምጥ ሲሞቱ የት ነበረች? እናንተው ጻፉላት!»

«እኛማ የእናንተ ናት አልን።»

«እኛ ደሞ የእናንተ ናት እንላለን። ጠጣ እንጂ፣ ወተቱን ለምን ታስቀምጣለህ?»

ጠጣሁና ተመለስኩ።

ሰሌዳው አሁን እኔ ቤት ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። ሹመቱም ተሰጠኝ፣ እንኳን ደስ አለህ በይኝ። በምረቃው ቀን ሪባኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሀጂ ዋርሰሜ ስለ ሰላም ግማሽ ሰዓት ተናገሩ፤ እኔም አጨበጨብኩ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በር ላይ ቆማ «የዳሀቦ ቤት የቱ ጋ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። በጣቴ ወደ ውስጥ አሳየኋት እንጂ ስምሽን አልጠራሁም።

ሐሙስ ሸንጎ አለ። ሰሌዳውን ይዤ እገባለሁ፣ እናገራለሁ ብዬ ልምልልሽ ነበር ወረቀት ያነሳሁት። መማል ግን አልቻልኩም። ታውቂኛለሽ። እንደዚያን ቀን ዘቅዝቆ የሚመታኝ ሰው የለም።

በጥፊ ያናገርሽው፣
ጉሌድ