ከስምንት ዓመት በታች የማይጠጣው ውኃችን

ለክቡር ዶን ኤላዲዮ ራቬሎ
የላ ቶስካ አልታ ማዘጋጃ ቤት የውኃ ጉዳይ ኃላፊ
ካናሪ ደሴቶች

እጅግ የተከበሩ ዶን ኤላዲዮ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ኩላሊትዎ፣ አንጀትዎ፣ ጥርስዎ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በየሳምንቱ ከመኪናዎ ወርዶ ወደ ቤትዎ የሚገባውን የታሸገ ውኃ ላየ ሰው ደግሞ ደህና የማይሆኑበት ምክንያት አይታየውም።

እኔ ጉሜርሲንዶ አፎንሶ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእሳተ ገሞራ ተራራችንን ሆድ ስፈለፍል የኖርኩ የውኃ ዋሻ ቆፋሪ ነኝ። ዛሬ በቧንቧ የሚያድሉን ውኃ መጀመሪያ ከድንጋዩ ሲፈነዳ እዚያው ነበርኩ፤ በባርኔጣዬ ቀድቼ ጠጥቻለሁ፣ አልቅሻለሁም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው የውኃው ጠላት ሆኜ እንዳይመስልዎ።

አንደኛ፣ ስለ ኖራው አመሰግናለሁ። ሌላው አገር ኖራ ፍለጋ ተራራ ይቆፍራል፤ ለእኛ ግን በክቡርነትዎ ቸርነት እቤታችን ድረስ በቧንቧ ይመጣልናል። ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ከግማሽ በላይ ውኃ አይዝም፣ ሳሙናውም አረፋ ማውጣት ከተወ ቆይቷል። ጎረቤቴ ዶኛ ሲንፎሮሳ ፀጉራቸው በታጠቡ ቁጥር እንደ መጥረጊያ ስለሚደርቅ ቤቱን ልጥረግበት ይሆን እያሉ ያስቁናል። በዚህ እንኳ አልከስዎትም፣ ለምደነዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ አመሰግናለሁ። ውኃው ፍሎራይድ ስለበዛበት ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይጠጡት፣ ምግባቸውም እንዳይበስልበት የሚያዘው ወረቀት በማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጀርባ ተለጥፎ ኖሯል። በሥራ ሰዓት በሩ ወለል ብሎ ስለሚከፈት ወረቀቱን ይሸፍነዋል፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ መሥሪያ ቤቱም ተዘግቷል። ባለፈው ወር ለቀለም ቅብ በሩ ባይነቀል ኖሮ ይህን የመሰለ ጽሑፍ ማን ያነብልዎት ነበር? ቀኑን አየሁት፤ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል።

ሦስተኛው ስለ ምክርዎ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናው ትንሽ ቢያንቀኝ ይቅር ይበሉኝ። ልጄ ናይራ አራስ ሕፃኗን ጓሲማራን ይዛ እኔው ቤት ስትገባ ከሱቅ የታሸገ ውኃ ልግዛላት አለችኝ። ደሜ ፈላ። “በእጄ ቆፍሬ ያወጣሁትን ውኃ ንቀሽ ለልጄ ልጅ የጠርሙስ ውኃ ልታጠጪ?” ብዬ ጮኽኩባት። ለነገሩ እልባት ልስጥ ብዬም ቢሮዎ ደውዬ ውኃው ለሕፃን ይሆን እንደሆነ ጠየቅኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው፣ ማስታወቂያው ራሱ ከተቀመጠበት ወንበር አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው፣ ከተጠራጠሩ ያፍሉት አለኝ።

እኔም አፈላሁ። መጀመሪያ እንደ አባቶቻችን ወግ ውኃውን በማንጠባጠቢያው ድንጋይ አሳልፌ አጠራዋለሁ፣ ከዚያ አፈላዋለሁ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ደግሜ አፈላዋለሁ። የጡጦዋን ወተት፣ ጎፊዮ የምንለውን የእህል በሶዋን፣ ሾርባዋን ሁሉ በዚያው ሠራሁላት፤ ናይራንም አየሽ አይደል እያልኩ ስኮራባት ኖርኩ። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው ለካ ስለ እኔ ነው።

የልጅነት ጥርሷ ረግፎ አዲሱ ሲበቅል ቡናማ ሸንተረር ይዞ ወጣ። የጥርስ ሐኪሟ ስንት ጊዜ እንደማፈላው ጠይቃኝ በኩራት ሁለት ጊዜ አልኳት። እሷም “አባት፣ ሲፈላ የሚተነው ውኃው ነው፤ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። ደጋግመው ባፈሉት ቁጥር እያወፈሩት ነው የሰጧት” አለችኝ። ድንጋዩም ደለል እንጂ ይህን አያስቀርም አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ አፈርኩ። ልጄ አንድም ቀን ነግሬህ ነበር አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓሲማራ አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትይዛለች። ለዚህኛው ተራ ቁጥር አላገኘሁለትም።

አቤቱታ ባቀርብ ማስታወቂያው በሕጉ መሠረት ተለጥፏል የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ቢሆንም አንድ ልመና አለኝ፦ የውኃ ሂሳብ ወረቀትዎ ምንም በር ሳይጋርደው፣ አንድ ወር ሳያጓድል፣ አራስ ያለችበትን ቤት ሁሉ አንኳክቶ ያገኛል። በጀርባው ባዶ ነው። ማስታወቂያውን እዚያ ያትሙልን፣ ማፍላት እንደማይጠቅምም በትልቁ ይጻፉበት።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ እስከ መጨረሻው ነጭ የሆነ ጥርስና ከቧንቧ ያልተቀዳ መልካም ጤና እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የውኃው ቆፋሪና ደጋግሞ ያፈላው
ጉሜርሲንዶ አፎንሶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጓሲማራ ባለፈው ማክሰኞ ስምንት ዓመት ሞላት፤ በማስታወቂያዎ መሠረት ከእንግዲህ ውኃው ተፈቅዶላታል። የምሥራቹን ስነግራት፣ “እንግዲያ ከዛሬ ጀምሬ ብጠጣው ጥርሴ ይነጻል፣ አባባ?” አለችኝ። እኔ ለዚህች ልጅ ስለ ውኃ የምመክረው ምክር ጨርሻለሁ። እባክዎ መልሱን እርስዎ ይጻፉላት።