እጃቸውን ከኪሳቸው ያላወጡት አሰልጣኝ፦ የአቶ ኦሬስት ሆርባይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦሬስት ሆርባይ ከአባታቸው ከአቶ ሜትሮ ሆርባይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓራስካ ቤሬዛ በካናዳ፣ በሳስካችዋን ጠቅላይ ግዛት፣ በካሊና መንደር፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 1951 ተወለዱ። ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን ስለነበር ዘመድ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ነበርና የክርስትና አባት ፍለጋ ማንም ብርድ ውስጥ አልወጣም። ይህን ታሪክ የጻፈችውና የምታነብላችሁ ታናሽ እኅታቸው ዳርካ ናት። በአጻጻፉ ቅር የሚለው ሰው ካለ ከምሳ በኋላ እሷኑ ያነጋግር።

አባታቸው በበጋ ስንዴ ያርሱ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የመንደሩን የበረዶ ሆኪ መጫወቻ ሜዳ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። በርሜል በሸርተቴ ጭነው ውኃውን ያፈሱና በእርጥብ ጆንያ እየጎተቱ ያስተካክሉታል። ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ መድፋት የሰነፍ ሥራ ነው ይሉ ነበር፤ እንዲህ የተሠራ በረዶ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከሥሩ ባዶ ይሆናል። ኦሬስት በአራት ዓመታቸው፣ ጫፉ ካልሲ በተጎሰጎሰበት የታላቅ ወንድማቸው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ እዚያ በረዶ ላይ ቆሙ። ለቅልጥማቸው መከላከያ ስላልነበራቸው የሸቀጥ ካታሎግ እየቀደዱ ያስሩበት ነበር። እናታቸው አንድ ቀን "የቀሚሶቹ ገጽ የት ገባ?" ብለው ቢጠይቁ፣ "ግራ እግሬ ላይ ነው እማ፤ ቀኙ ማረሻ ነው" ብለው መለሱ። በዚያ ዓመት እናታችን ቀሚስ አላዘዙም።

አቶ ኦሬስት እስከ ስምንተኛ ክፍል በካሊና ትምህርት ቤት ተምረዋል። ትምህርት ይወዱ ነበር ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። በ1967፣ በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ የወጣቶች ክለብ መርጧቸው ከቤት ወጡ፤ በሰው ቤት እየኖሩ ተጫወቱ። በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ አንድ ጎል አስቆጠሩ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ወንድማችን የተጻፈው ሁሉ ይህን ቁጥር ረስቶ ነው የተጻፈው።

በዚያው የውድድር ዓመት፣ በፌብሯሪ 1968፣ አሰልጣኛቸው ከአግዳሚው ወንበር ጀርባ መጥተው ትከሻቸውን ነካ አደረጉ። በዚህ አዳራሽ የዚህን ትርጉም የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን በወረቀት ሰፍሮ አያውቅምና ዛሬ ይስፈር። ከኋላ መጥቶ ትከሻህን የሚነካህ አሰልጣኝ፣ ውጣና ከዚያ ሰው ጋር ተደባደብ ማለቱ ነው። በአፉ አይናገርም። በአፍ ያልተነገረ ትእዛዝ ደግሞ ነገ ጠያቂ ሲመጣ ባለቤት የለውም። አቶ ኦሬስት ወጡ፤ ጓንታቸውን ጣሉ፤ በሦስት ዓመት የሚበልጣቸውን ሰው ዘረሩት። በዚያው ግጥሚያ ሁለት ጎል አስቆጥረው ነበር። ጋዜጣው ስለ ቡጢው ብቻ አወራ። ዳርካ ለእናቷ ወደ ዩክሬንኛ እየተረጎመች አንብባ ስትጨርስ፣ እናታችን ከእርሾው ሊጥ ቀና ብለው "ጎሉስ የታለ?" አሉ።

ከ1971 እስከ 1982 በአምስት ክለቦች በሙያተኛነት ተጫውተዋል። ትከሻቸው እየተነካ የወጡበት ድብድብ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ነው። ያስቆጠሩት ጎል ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ለድብድብ ብቻ ሜዳ ገብተው ቢሆን ኖሮ ይህችም ባልተገኘች፤ እንደ ልባቸው ግን አላስጫወቷቸውም። የመጀመሪያውን ቁጥር ጋዜጦች ያዙት፣ ሁለተኛውን እናታችን። ዐሥራ ዘጠኙም ጎሎች ከነቀናቸው፣ ከነከተማቸው በእናታችን የጸሎት መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ ተጽፈዋል። መጽሐፉ ምሳው ጠረጴዛ ላይ ስላለ ማየት የፈለገ ይየው፤ እጁን ታጥቦ።

ለወንድማችን የወጣላቸውን ቅጽል ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚህ ወረቀት ላይ አይጻፍም። መቃብራቸው ላይም አይጻፍም። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ኦሬስት ነው።

በ1975 ከወይዘሮ ማርሊን ቶምኪው ጋር በዚሁ በካሊና ቤተ ክርስቲያን በቃል ኪዳን ተጋቡ። ወይዘሮ ማርሊን የፀጉር ባለሙያ ናቸው። የሙሽራው ጣት አብጦ ቀለበቱ አልገባ ሲል፣ ቄሱ ሁለቴ ሞክረው "ልጄ፣ ዘውዱስ ራስህ ላይ ይገባል ወይስ እሱንም አሳብጠኸዋል?" ብለው ሕዝቡን አሳቁት። ዘውዱ ገባ። ቀለበቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው በአንገታቸው አስረውት ኖረዋል። በትዳራቸውም ሮክሳናንና ታማራን አፍርተዋል።

በግራ ዓይናቸው ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት በ1982 መጫወት አቆሙ። በ1985 ስሙን መጥራት የማንፈልገው አንድ የሁለተኛ እርከን ክለብ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠራቸው። የተረከቡት የመጨረሻ ደረጃ የያዘ ቡድን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ለዋንጫ አደረሱት።

ኤፕሪል 1988፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው ግጥሚያ ነበር፤ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ከሦስቱ የሃያ ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት ሁለተኛው ሲያልቅ ሁለት ለሁለት ነበሩ። ከተጋጣሚዎቹ አንዱ፣ በር የሚያህል ሰው፣ የወንድማችንን ተጫዋቾች እየገጨ ከግድግዳ ጋር ያላትማቸው ነበር። በወንድማችን ክለብ ለድብድብ የተቀመጠው ዌስሊ ቱርኮት የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነው። ከዐሥር ቀን በፊት ራሱን ተመትቶ ወድቆ ነበር፤ በዋንጫው ግጥሚያ ቀን የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ወንድማችን ተንበርክከው ሲያስሩለት የመልበሻ ክፍሉ ሁሉ አይቷል። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው ያዟቸው።

"ኦሬስት፣ ልጁን ንካው እንጂ፤ ምን ትጠብቃለህ?"

"ልጁ አሞታል።"

"አንተስ ስንቴ አሞህ ወጥተሃል? ሞትክ?"

"ገና ነው" አሉ ወንድማችን።

ከዚያም ወደ አግዳሚው ወንበር ተመልሰው ከተጫዋቾቹ ጀርባ ቆሙና ሁለት እጃቸውን ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። አዳራሹ ዌስሊ፣ ዌስሊ እያለ ይጮህ ነበር። ዌስሊም ጓንቱን ፈታ አድርጎ፣ ትከሻውን ወደ ኋላ እያስጠጋ ጠበቀ። ሥራው ነበርና ሊፈረድበት አይችልም። ወንድማችን ሌሎቹን በየስማቸው እየጠሩ አስገቡ፣ አስወጡ። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ እጃቸው ከኪሳቸው አልወጣም። አራት ደቂቃ ሲቀር ጎል ገባባቸው። ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። ዋንጫው ሄደ፤ እኛም አንክድም።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ተሰናበቱ። የከተማው ጋዜጣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ያለ ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ ፈሪ አላቸው። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ጊዜ ለሌላ ሰው ቡጢ የተቀበለ ሰው ፈሪ ከተባለ፣ ፈሪ የምትለዋ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የክብር ስም ሆናለች። ከዚያ በኋላ አንድም የሙያተኛ ክለብ በራቸውን አላንኳኳም። መኪናቸውን ጭነው ካሊና ሲገቡ እናታችን በር ላይ ቆመው ነበር።

"ማን አሸነፈ?"

"እነሱ።"

"ልጁስ?"

"ቤቱ ገባ።"

"በል ግባና ብላ፤ ቀዝቅዟል" አሉ እናታችን፤ በዚያ ቤት ስለዚያ ግጥሚያ ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም።

ዌስሊ ራሱ ግን አላመሰገናቸውም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ይህም ይነገር። ክለቡ እሱንም አሰናብቶት ስለነበር ስልክ ደውሎ፣ "ለምን አልነካኸኝም? እንጀራዬን እኮ ነው የዘጋኸው! አንተ በልተህ ጠገብክና እኔን ከለከልከኝ" ብሎ ጮኸባቸው። ወንድማችን እስኪጨርስ ሰሙትና "ጫማህን አሁን ራስህ ታስራለህ?" ብለው ጠየቁት። ስልኩ ተዘጋ። ለዐሥራ ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም።

አቶ ኦሬስት ከ1988 እስከ 2014 የካሊናን ሕፃናት፣ የካሊናን ሴቶችና ይህን በየዓመቱ የሚሸነፈውን የጎልማሶች ቡድናችንን አሠልጥነዋል። የአባታቸውን ሥራም ወረሱ፤ ውኃውን ስስ አድርገው እያፈሰሱ፣ እስኪጠና እየጠበቁ፣ ደግመው እያፈሰሱ። ቅዱስ ነበሩ አንልም። በካርታ ጨዋታ ያጭበረብሩ ነበር። ዳኛ በመሳደብ አራት ጊዜ ታግደዋል፤ አንዴም እጃቸውን ላለማውጣት ሲሉ የውኃውን ባልዲ በእግራቸው ጠልዘው የዳኛውን ሱሪ አርሰዋል። እጃቸው ግን ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። እንግዶች ብርዱን ፈርተው ይመስላቸዋል። ወይዘሮ ማርሊን በየዓመቱ የሱሪዎቻቸውን ኪስ በወፍራም ጨርቅ ይደርቡላቸው ነበር፤ በቡጢ ሲወጠር ይቀደዳልና። በእነዚያ ሃያ ስድስት ዓመታት አንድም ልጅ ከኋላ ነክተው አላስነሱም። ሁሉንም በስሙ ጠሩት።

በ2006 መኸር ላይ ዌስሊ ቱርኮት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ጆሲን ይዞ ሜዳው በር ላይ ቆመ። የእህል ጎተራ ሥራ አግኝቶ ወደ ጎረቤት መንደር መጥቶ ነበር። ይቅርታም አላለ፣ ሰላምታም አላበዛ። "ልጄን አምጥቼልሃለሁ" አለ። ወንድማችን ልጅቱን ትኩር ብለው አዩና "አፍንጫህ ሳይሰበር በፊት እንዲህ ነበር እንዴ?" አሉት። ዌስሊ ሳቀ። በማግስቱ ተመልሶ ውኃ በማፍሰሱ ሥራ አገዛቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልቀረም።

በ2011 ሕመሙ ጀመራቸው። መጀመሪያ የጠፋባቸው የመንገድ ስም ነበር፤ ቀጥሎ ዓመቱ፣ በመጨረሻ የልጆቻቸው ስም። ሐኪሞቹ የተመታ ጭንቅላት ሕመም እንደሆነ ነገሩን። በ2016 ወደ አረጋውያን መጦሪያ ገቡ። በገቡ በሳምንታቸው፣ ምንም የማታውቅ ደግ አስተናጋጅ ለምሳ ልትቀሰቅሳቸው ከኋላ መጥታ ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው። የስድሳ አምስት ዓመቱ ወንድማችን ዘለው ተነሡ፤ ሁለት ቡጢያቸውን ወደ ላይ አድርገው የሚመቱትን ሰው ፈለጉ። ማንም አልነበረም። አስተናጋጇን አልነኳትም፤ ቆመው አለቀሱ። ይህን ታሪክ ከዚህ ጽሑፍ እንድናወጣው የመከሩን ነበሩ። አላወጣነውም። ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱን የሚያደንቅ ሰው ሁለት መቶ ዐሥራ አምስተኛውንም ይስማ።

በዚያ ቀን ዳርካ በወረቀት ጽፋ በራቸው ላይ ለጠፈች። "ከፊት ለፊት ኑ። ትከሻውን አትንኩ። በስሙ ጥሩት።" ወረቀቱ እስከ መጨረሻው ቀን እዚያው ነበር።

አቶ ኦሬስት ሆርባይ በሐኪሞችና በቤተሰብ ሲረዱ ቆይተው ኖቬምበር 18 ቀን 2019፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ሚስታቸው ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ስማቸውን እየጠሩ ሳለ ዐረፉ። ልቡናቸው ሳይከዳቸው በፈረሙት ቃል መሠረት አንጎላቸው ለሐኪሞች ጥናት ተሰጥቷል። "እኔ ያልገባኝን እነሱ ይወቁት" ብለው ነበር የፈረሙት።

ሞታቸው እንደተሰማ ያ ያሰናበታቸው ክለብ ደወለልን። የድብድቦቻቸውን ፊልም ከነሙዚቃው፣ ያ ቅጽል ስም ከተጠለፈበት ሰንደቅ ጋር ልላክላችሁ አለ። አመስግነን አንፈልግም አልን። ስለዚህ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ፊልም የለም። የስንዴ ንፍሮ በማር አለ፤ የጎመን ጥቅልልና ፔሮጊ የምንለው ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል አለ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ጎልም አለ።

አቶ ኦሬስት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርሊንን፣ ልጆቻቸውን ሮክሳናንና ታማራን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና እኅታቸውን ዳርካን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው፣ መቃብሩን ለመቆፈር የቀዘቀዘውን መሬት ሁለት ቀን በእሳት ላሞቁ ጎረቤቶች ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

የቀብር አስፈጻሚው ሳጥኑን ግራና ቀኝ በእጀታው ይዞ መሄድ ደንብ እንደሆነ ነግረውናል። ወንድማችን ያሠለጠኗቸው ስድስቱ ተሸካሚዎች፣ ዌስሊ ቱርኮትና ልጁ ጆሲ ከፊት ሆነው፣ ደንቡን ሰምተው እንቢ ብለዋል። በትከሻችን እንሸከማቸዋለን ብለዋል። ቤተሰቡም ፈቅዷል።

አምላካችን ሆይ፣ ወንድማችን ወደ አንተ እየመጡ ነው። ደክሟቸዋል። ከፊት ለፊት ተቀበላቸው። ትከሻቸውን አትንካ። በስማቸው ጥራቸው፤ ኦሬስት ነው።