ማን አረደው?

መርሳ፣ ኅዳር 4 ቀን 1979

ታፈሰ ወንድሜ፣

ጡረታቸው የደረሰው የዓሣ ሊቃችን ዶክተር መንበሩ ዛሬ አፍረው ሊመለሱ ነበር! ከሦስት ዓመት በፊት የዓሣ ጫጩት የጨመሩበት የግራና መንደር ኩሬ በዓሣ ሞልቶ ቢያገኙት፣ አስጠብሰው ለገበሬዎቹ አቀረቡ። ዝዋይ ቢሆን አጥንቱም አይተርፍ፤ እዚህ ግን እጁን የሰደደ ጠፋ።

ኋላ ሼህ ይማም «ለመሆኑ ማን አረደው? እስላም ነው ክርስቲያን?» አሉ።

«ኧረ ዓሣ አይታረድም!» አሉ ዶክተሩ።

«እንዲያ አይሉንም ታዲያ!» ብለው ሼሁ ጎረቤታቸውን ቄስ ደሞዜን እጃቸውን ይዘው ጎተቷቸው። ዕድሜ ልካቸውን በሠርግም በለቅሶም ለየብቻ ሲያርዱ የኖሩ ሽማግሌዎች ከአንድ ትሪ በሉ።

ዶክተሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ሠላሳ ዓመት ዓሣ ሳጠና ይህን የነገረኝ መጽሐፍ የለም» አሉ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ስመጣም ዓሣ አቆዩኝ፤ የእኔን ድርሻ ቄሱ ጨርሰውታል።

ዘውዱ