ያንን ዱቄት ከእንግዲህ እንዳትልክ

ለምወድህ ወንድሜ ለቢተው፣

ከተለያየን ወዲህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ብዙዬስ እንደምን አለች? ትንሹ ካሳስ አደገ ወይ? ፋሲካን በሰላም ያድርሳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከክፉው ቀን ተርፈን በሕይወት አለን። ጤናችሁን ስጠይቅህ ግን በዚህ ጊዜ ለወጉ አይደለም። ሆዳችሁን ይቆርጣችኋል ወይ? ካሳ እህል አልቀምስ ብሎ ያውቃል? የአንተስ እጅ ይዝላል? ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ለምን እንደምጠይቅህ አሁን እነግርሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው መስከረም በሾፌሩ በጀብሪል እጅ የላክህልንን ጣሳ አትረሳውም። ከምትሠራበት የሸክላ ፋብሪካ ያገኘኸው ዱቄት ነው፤ በውሃ በጥብጣችሁ ቀቡና አቃጥሉት፣ እንደ መስታወት ያበራል ብለህ የጻፍክልን። እውነትህን ነው፣ አበራ። እናታችን በዕድሜዋ እንዲያ ያለ ገበያ አይታ አታውቅም። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እንደማይሆን የሸክላ ሠሪ ልጅ ነህና ታውቃለህ፤ ለማሟሻ የሚሆን ጎመን ዘር ግን ከድርቁ ወዲህ ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። ያ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ማሟሻ አይፈልግ፣ ውሃ አያሳልፍ። ሰው ተሻማበት። በአህያ እየጫንን ከላላ ገበያ ድረስ አወረድነው። ጦማችንን ሳናድር የከረምነው በእሱ ነው፣ ይህን አልክድም።

ሕመሙ የጀመረው ከእኛው ቤት ነው። ሲቃጠል አፉ የተሸረፈውን ቡሃቃ ማን ይገዛናል፣ እኛው ሊጥ አቦካንበት። ትንሽ ቆይቶ እናታችንን ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። ባሌ አራጌም ዶማ ጨብጦ መዋል አቃተው። የችጋሩ ርዝራዥ ነው፣ ሰውነታችን ገና አላገገመም ስንል ከረምን። አንድ ቀን ቡሃቃውን ሳጥብ ወደ ውስጥ ብመለከት፣ ሊጡ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ብርሃኑ ጠፍቶ አመድ መስሏል። ከላይ ከአፉና ከውጪው ግን እንደ አዲስ ያበራል። ቢላዋ የማይፍቀውን ነገር እርሾ በልቶታል! ታዲያ የት ገባ? ሆዳችን ውስጥ ነዋ።

ቡሃቃውን ሰብሬ አንዱን ገል ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ አገላብጦ አየው። ቅቡ እርሳስ ካለበት መርዝ ነው፣ በደንብ ያልተቃጠለ እንደሆነ ደግሞ የኮመጠጠ ነገር ሁሉ ያሟሟዋል፤ ምን እንዳለበት ግን እኔ እንዲህ አይቼ ላውቅ አልችልም፣ የላከላችሁን ሰው ጠይቁት አለኝ። የላከልን ሰው አንተ ነህ። እናንተ ዘንድ እሳቱ በትልቅ ምድጃ ውሎ እንደሚያድር ራስህ ነግረኸኛል። እኛ በምን እንደምናቃጥል ጠፍቶህ ነው? ከብቱ አልቆ ኩበት ከየት ይምጣ? ጭድና ጭራሮ ለኩሰን ነው።

ይህን ለማን እንደምንነግር ስንማከር የወይዘሮ ብርሀንነሽ ልጅ ንጉሡ ታመመ። ብርሀንነሽ መኪና መቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤት የከፈተችው ናት፤ ትልቁን ቡሃቃ የገዛችን እሷ ነበረች። ልጁ ሆዱን ይዞ እየጮኸ ይንፈራፈራል፣ የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሰዋል። ሮጬ ሄጄ ከቡሃቃው ነው፣ ሊጡን ድፊው፣ እኛም ታመናል አልኳት። አፈጠጠችብኝ። ስንት ሰው የሚበላበት ዕቃ እንዴት የኔን ልጅ ለይቶ ይጥለዋል አለችኝ። ለካ ጭስ አጢሰው ልጁን አስለፍልፈውት ኖሯል። ማን በላህ ሲሉት ባለ ሸክላዋ አለ።

ከሸክላ ሠሪ ደጅ ምን ስም እንደማይጠፋ ለአንተ አልነግርህም፤ ውሃ ስትቀዳ ድንጋይ የተወረወረብህ በዚያው ስም ነው። ዘማች ተማሪዎቹ በስብሰባ ላይ ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ ባለ እጅን መስደብ ቀርቷል ብለው አስጨብጭበውን ነበር። ያን ቀን ያጨበጨበው ሰው ዱላውን ይዞ ደጃችን ላይ ቆመ። እናትሽ መጥታ እንትፍ ትበልበት፣ ትልቀቀው አሉ። እኔ አትሄድም ብዬ በሩን ያዝኩ። አራጌ በዛለ እጁ መጥረቢያ አነሳ። ደም ሊፈስ ነበር፣ ወንድሜ። እናታችን ነጠላዋን አደግድጋ በመካከላችን አለፈች።

ተከትያት ሄድኩ። ልጁ ላይ እንትፍ አለችበት። ከዚያ ማንም ሳይደርስባት ወደ ጓዳ ገብታ መደቡ ላይ የነበረውን ቡሃቃ ከነሊጡ ገፍታ ጣለችው። ደቀቀ። እኔ አሁን ገደሏት ስል፣ ሰዉ እልል አለ። የልጁን ነፍስ ያሰረችበትን ዕቃ ሰበረችው ተባለ። ልጁም እየዋለ እያደረ ተሻለው፤ እህል ቀመሰ፣ ተጫወተ። በቃ፣ ተመሰከረባት።

ለሰዉ ሁሉ ስለ ዱቄቱ ልናገር ብዬ ብነሳ እናታችን ከለከለችኝ። ስለ ዱቄቱ ስትናገሪ ማን ሰማሽ አለችኝ። የኔን ስም ሲሰሙ ግን ዕቃዬን ከቤታቸው ያወጡታል አለች። እንዳለችውም ሆነ። ወሬው ከላላ ሲደርስ፣ እንዳይሰበርባቸው በጨርቅ ይጠቀልሉት የነበሩት ሴቶች ገደል ይከቱት ጀመር። እናታችን ይህን ስትሰማ ተመስገን ትላለች። ተራውንም ሸክላ የሚገዛን ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባታል። አብሽሪ ልጄ፣ ቀን ያልፋል ትለኛለች፤ የኔ ግን አንጀቴ አረረ።

አሁን መልስልኝ። እርሳስ ነው? ታውቅ ነበር? ለአበባ ማስቀመጫ እንጂ ለምግብ የማይሆን ከሆነ ለምን አልነገርከንም? ባታውቅም የሚያውቀውን ጠይቀህ ጻፍልኝ። የተረፈውን ጉድጓድ ምሼ ቀብሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ እንዳትልክ። በቤትህም ካለ ካሳን አታብላበት። መጥቼ እውነቱን በሰው ፊት ልናገር ብትል ደግሞ እናታችን አሁን አይሆንም ብላለች። በከላላ በኩል ገና ያልተሰበረ አለ፣ እሱ ሳያልቅ ስሜን እንዳታጥቡልኝ ብላለች።

አራጌ ሰላም ይልሃል፤ ገሉን ከቤት ካወጣን ወዲህ እጁ ትንሽ በርትቶለታል። ልጄ አልታየች ለአጎቴ ሰላም በይልኝ ብላለች። ብዙዬንም አበቡ እጅ ነስታሻለች በልልኝ። እናታችን ካሳን በሁለት ጉንጩ ሳምልኝ ብላሃለች። ደግሞም ልጄ ክፉ አስቦ አልላከውም፣ አልተቀየምኩትም በይው ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩት። እኔ ግን ተቀይሜሃለሁ።

እኅትህ አበቡ
መካነ ሰላም፣ ቦረና
ሚያዝያ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.