ያልተገኘችው ነጭ ሚኒባስ፦ የአቶ ዓለማየሁ ቡላሻ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዓለማየሁ ቡላሻ ከአባታቸው ከአቶ ቡላሻ ጋልፋቶና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዱካሌ ሀሜሶ በ1955 ዓ.ም. አለታ ወንዶ አጠገብ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1971 ዓ.ም. ሐዋሳ መጡ፤ በአንድ ጋራዥ ተቀጥረውም ሙያውን ለመዱ። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ አለምነሽ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ማቴዎስን፣ ሳምሪንና ኢያኤልን ወልደዋል። በ1990 ዓ.ም. ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ።

ይበልጥ የሚታወቁት በፍሬን ሥራ ነበር። ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ መኪና ሲመጣላቸው አስቀድመው ራሳቸው ይነዱታል። ከዚያ ጎማውን ፈትተው ከፍሬኑ ዲስክ ጀርባ ያለውን ዝገት ይጠርጋሉ፤ ዲስኩ አለመጣመሙንና ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑን ይለካሉ። የፍሬን ሸራ ብቻ ቀይረው መኪና አይሰጡም ነበር። ሥራው ሲያልቅ ከጎማው ብሎኖች አንዱን ለምልክት አረንጓዴ ቀለም ይቀቡታል።

በ2014 ዓ.ም. መሪዋ የሚንቀጠቀጥ ነጭ ሚኒባስ መጣች። አዲስ ዲስክ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር የድሮውን ብረት በማሽን በሚላጭበት ቶርኖ ቤት አስላጩት። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ባለቤቷ ቸኩሎ ስለነበር ሳይለኩ ሰጡት። በሳምንቱ እዚያው የተላጨ የሌላ መኪና ዲስክ ሲለኩ ከሚገባው በላይ ሳስቶ አገኙት። የሳሳ ዲስክ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሲግል ሊሰነጠቅ ይችላል። ወዲያው ደወሉ። ሚኒባሷ ተሸጣለች፤ የገዛው ሰው ሲፈለግም ለማያውቀው ሰው መልሶ ሸጧት ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጡ መናኸሪያ እየሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ጎማ ያያሉ። ሾፌሮች «ጋሼ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሆኑብን እኮ!» እያሉ ሲቀልዱባቸው አብረው ይስቃሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን እራት አይበላላቸውም። ሚኒባስ ተገለበጠ የሚል ወሬ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቀለሟን ነበር።

አቶ ዓለማየሁ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንድ እኅታቸውን ትተውልናል።

የሚኒባሷ ነገር እዚህ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። በቀብሩ ላይ ብዙ ሾፌር እንደሚገኝ ያውቁ ነበር። ስለዚህ የፊት ጎማዋ ብሎን ላይ አረንጓዴ ቀለም ያለባት ነጭ ሚኒባስ የምትነዱ፣ ወይም ያያችሁ፣ እባካችሁ ወደ ጋራዡ አምጧት ወይም የት እንዳለች ንገሩን። ልጃቸው ማቴዎስ ያለ ክፍያ ለክቶ ዲስኩን ይቀይራል።

እሳቸው ያላገኙትን ዕረፍት እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ይስጥልን፤ በዚያች መኪና የሚሳፈረውንም ሁሉ ይጠብቅልን። አሜን።