ሲቀነስ ሰባት

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያንተ ስም ሲነሣ ግን ብድግ ይላሉ። ኮኪት ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ስለሆነ ይህን በጭነት መኪና ሾፌር ልኬልሃለሁ።

ጥር ላይ አር የሚሉትን የኮምፒውተር ስሌት ፕሮግራም ስታስተምረኝ ትዝ ይልሃል? የአሥራ ሁለቱን ገበሬዎች የአዲሱን ዘር የሙከራ ሰሊጥ ኪሎ፣ የእያንዳንዱን ሦስት ሦስት መደብ፣ በየገበሬው ተራ አስገባሁ። ማትሪክስ የሚሉት ሠንጠረዥ ግን በረድፍ ሙላ ካልተባለ በዓምድ ቁልቁል ይሞላል። የአባባ ኪሎ በሌላው ገበሬ በደረበ ረድፍ ላይ ወጣ። «አዝመራ የምትሰርቂ የልማት ሠራተኛ!» ብለህ ሳቅህብኝ። አባባም ሳቁ።

ስለዚህ በዚያው ሙከራ ላይ የጻፍኸው ሪፖርት «አዲሱ ዘር ለመተማ አፈር ሁሉ ይስማማል» ሲል ስህተቱን የፈለግሁት ከራሴ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ። ከአሥራ ሁለቱ ውሃ በማያሳልፍ ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ የዘሩት አባባ ብቻ ናቸው። ውሃ ተኝቶበት ሥሩ መበስበሱን በእጄ ነቅዬ አይቻለሁ። በመጨረሻ ኮድህን ከፈትሁ። ቅንፉ ውስጥ፣ ከኮማው በፊት፣ ሲቀነስ ሰባት። ከኮማው በፊት ረድፍ፣ ከኮማው በኋላ ዓምድ፣ ሲቀነስ ካለበት ያ ይውጣ ማለት ነው። ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ሰባተኛው ረድፍ አባባ ናቸው። ዘሩ እንዳይጸድቅልህ የያዘህ ያ ረድፍ ብቻ ነበር።

ሙሉውን ሠንጠረዥ ለጎረቤቶች አነበብሁላቸው። ዋልካ ያላቸው ዘሩን ለማኅበሩ መለሱ። ጎረቤታችን ፈረደ፣ «ልጁ አባቱን ከቆጠራ አወጣቸው በሉኛ!» አለ።

አባባ ግን አላመኑኝም። «ያኔም ያደባለቅሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «የኔ የበሰበሰው ከእጄ ጉድለት ነው። ልጄ የኔንም ጨምሮ አስልቶ ነው ጥሩ ነው ያለው። እሱ እኔን አይሰርዘኝም።» ዘንድሮ መሬቱን በሙሉ ሊዘሩት የላክህላቸውን የዘር ጆንያዎች ራስጌያቸው አቁመው ዝናብ ይጠብቃሉ።

እሑድ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ፈረደ የድሮውን ሰሊጥ በአህያ ጭኖ መጥቶ ነበር። የድሮው ሰሊጥም ነጭ ነው፤ የአባባ ዓይን ደግሞ ደክሟል። ጆንያዎቹ ላይ የጻፍኸው ስምህ እንዳለ ነው።

ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ሲሰበሰብ ደውለው ይመርቁሃል። አሜን በል።

ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፤ አንተን የሚያምኑ ያድርጋቸው።

ታናሽ እህትህ